አርባ ዙሪያ፣ መቶ ሃያ ካሬ

ዕድሜውን ሙሉ አንድም ቀን ጨፍሮ የማያውቅ ሰው «ዲስኮ» ተብሎ ሲጠራ መስማት ያስቃል። ስሙን ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ ሲያስተምር፣ ከሒሳብም ኳድራቲክ የሚባለውን እኩልታ ሲያስተምር፣ በየነገሩ መሃል «ዲስክሪሚናንት፣ ዲስክሪሚናንት» ይል ስለነበር የኋላው ረድፍ ዋልጌዎች ቃሉን ከወገቡ ቆርጠው ዲስኮ አደረጉት። ስሙ ከክፍል ወጥቶ መምህራን ማረፊያ ገባ፤ ከዚያ ሰፈር ወረደ፤ በመጨረሻ አትክልት የምትሸጠው ሴትዮ ሳትቀር «ጋሽ ዲስኮ» ትለው ጀመር። እሱ አልከፋውም። እንዲያውም በሆዱ ኮራ። የሌሎቹ መምህራን ስም ሽንት ቤት ግድግዳ ላይ ከምን ከምን ጋር እንደሚጻፍ ያውቃልና፣ በአንድ የሒሳብ ቃል መጠራት ሹመት መሰለው።

ያን ትምህርት ሁልጊዜ በገመድ ነበር የሚጀምረው። ሃያ ሜትር ገመድ ጫፍና ጫፉን ያስርና አራት ተማሪ ይዞ ወደ ሜዳ ይወጣል። አራቱ ጥግ ጥጉን ይዘው ሲወጥሩት አራት ማዕዘን ይሆናል። «በሉ እንግዲህ፣ ዙሪያው ሃያ ነው፤ ስፋቱ ሃያ አራት ካሬ እንዲሆን ርዝመትና ወርዱ ስንት ስንት ይሁን?» ልጆቹ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ቆይተው ስድስትና አራት ያገኛሉ። «ሃያ አምስት ካሬስ?» አምስትና አምስት። «ሃያ ስድስትስ?» ደስታው እዚህ ላይ ነው። ልጆቹ ይጎትታሉ፣ ያጠብባሉ፣ ያሰፋሉ፣ «አንተ ነህ የለቀቅከው» ተባብለው ይጣላሉ። አይመጣም። ፀሐይ እስክትጠልቅ ቢጎትቱ አይመጣም። ዲስኮ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ የማያገኘውን የሚፈልግ ሰው ማየት የሚያስደስተው ይመስል ፈገግ ብሎ ያያቸዋል።

ከዚያ ወደ ክፍል ይመልሳቸውና ጥያቄውን በጠመኔ ይጽፈዋል። ተደምረው አሥር፣ ተባዝተው ሃያ ስድስት የሚሆኑ ሁለት ቁጥሮች፤ ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ አሥር ኤክስ ሲደመር ሃያ ስድስት እኩል ይሆናል ዜሮ። «መሃለኛውን ቁጥር በራሱ አባዙት፤ መቶ። ከሱ ላይ የመጨረሻውን አራት እጥፍ ቀንሱ። ስንት ቀረ?» ከዜሮ በታች አራት። ይህ የሚቀረው ቁጥር ነው ዲስክሪሚናንት። የእኩልታው መልስ፣ በሒሳብ ቋንቋ ሥሩ፣ ስንት እንደሆነ አስቀድሞ ይናገራል። ልጆቹ እንዳይረሱት በዜማ ያስለፈልፋቸው ነበር፦ «ከዜሮ ከበለጠ ሁለት! ልክ ዜሮ ከሆነ አንድ! ከዜሮ ካነሰ ባዶ እጃችንን ወደ ቤት!» ባዶ እጅ የሚለውን ሰሌዳው ላይ ሲጽፈው «እውን ሥር የለውም» ይላል። እውን ማለት በሜትር የሚለካ፣ በዚህ ዓለም ላይ ያለ ቁጥር ማለት ነው።

ሁለት እምነት ነበረው። አንደኛው፣ መልስ ፍለጋ ከመውጣትህ በፊት መልስ መኖሩን እወቅ የሚል ነው። ሁለተኛው የፈተና ደንብ ነው። ራሱ ተሳስቶ መልስ የሌለው ጥያቄ ካወጣ፣ የሠራውም ያልሠራውም ተማሪ ነጥቡን ያገኛል። «ጥያቄው ከተሳሳተ ጥፋቱ የጠያቂው ነው፤ ተማሪ አይቀጣም» ይል ነበር። ይህችን ደንብ ልብ በሏት። ሰውየውን ጉድ የሠራችው እሷ ናት።

ዲስኮን ሰው ያደረገችው ታላቅ እህቱ ናት። እናትና አባታቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲሞቱ እሷ አሥራ ዘጠኝ፣ እሱ ስምንት ዓመታቸው ነበር። ሆስፒታል በልብስ አጣቢነት ገባችና ሠላሳ ስድስት ዓመት የበሽተኛ አንሶላ አጠበች። በመሃል ላግባሽ ብሎ የመጣ ሰው ነበር። «መጀመሪያ ልጁ ይማር» አለችው። ሰውየው ልጁ እስኪማር የሚጠብቅ አልሆነም። ፊደል አታውቅም፤ ፊርማዋ አውራ ጣቷ ነው። ግን አንሶላ ስታጥፍ ጠርዙ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። እሱ «እትዬ» ይላታል። እሷ ስልሳ ሦስት ዓመት የሞላውን ጡረተኛ እስከ ዛሬ «ልጁ» ነው የምትለው፤ «ልጁ መጣ?»፣ «ልጁ በላ?»። የሚሰማት ሰው አንድ ሕፃን ከጓዳ ብቅ ይላል ብሎ ሲጠብቅ ዲስኮ መነጽሩን እየጠረገ ይወጣል።

እሱ መምህራን ማሠልጠኛ ሳለ ሆስፒታሉ ለሠራተኞቹ ከከተማው ዳር ቦታ አስመራላቸው። ለኪ መጥቶ ለካላትና አንድ ወረቀት ሰጣት። ወረቀቱ ላይ ስሟ፣ ማኅተምና ሁለት ቁጥር አለ፤ ዙሪያው አርባ ሜትር፣ ስፋቱ መቶ ሃያ ካሬ። ሁለት ክፍል ቤት ሠራችበት። ተማሪው ተመርቆ ሲመለስ ቤቱ ቆሞ፣ ግቢው በቆርቆሮ ታጥሮ ጠበቀው። እዚያው አስተማረ፣ እዚያው አረጀ። ሚስት አላገባም። ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ «ጥያቄው ሲመጣ እኔ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ነበር» ብሎ ያስቃል። እውነቱ ግን እሷ ለሱ ብላ የተወችውን ነገር እሱ ማግኘት አሳፍሮት ነው።

መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለና ሰፈሩ ፈረሰ። ወንድምና እህት ከአንድ ብረት በያጅ ጀርባ ያለች ክፍል ተከራዩ። ሁለት አልጋ፣ በመሃሉ የተዘረጋ አንሶላ፣ አንዲት መስኮት። በያጁ ሲሠራ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፤ በስንጥቁ የሚገባው ሰማያዊ ብርሃን አንሶላው ላይ ይጨፍራል። እህቱ በዚህ ሁሉ አልተማረረችም። አንድ ነገር ብቻ ነው የምትለው፦ «ሬሳዬ ከሰው በር እንዳይወጣ። ከራሴ በር ወጥቼ ልቀበር፤ ሌላው ይቅር።» ይህን ስትል በቀልድ አይደለም። ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሿ ይቆራረጣል።

ተስፋ ግን ነበራቸው። ወረቀት ላለው ሁሉ በወረቀቱ ልክ ምትክ ቦታ ይሰጠዋል ተብሏል። አሮጌው ቦታ አስፋልት ስለለበሰ ዳግም የሚለካ ነገር የለም፤ የሚታመነው ወረቀቱ ነው። እሷ ወረቀቷን ከታጠፉት አንሶላዎች መሃል አወጣችና አሳቅፋ ላከችው። «አንተ ተምረሃል፤ አንተ አናግራቸው» አለችው። ወኪሏ አደረገችው።

የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ሰልፍ እስከ ግቢው በር ይደርሳል። ከዲስኮ ኋላ የቆመው የድሮ ሰፈራቸው ግንበኛ ነበር፤ ሲሚንቶ ከጥፍሩ የማይጠፋ፣ ምላሱ እንደ መዶሻው ቀጥታ የሚመታ ሰው። መስኮት ሦስት ሲደርሱ ከመስተዋቱ ወዲያ ያለችው ጸሐፊ ብድግ አለች።

«ቲቸር ዲስ…» ብላ ምላሷን ነከሰች። «ቲቸር! አላወቁኝም? ዘጠነኛ ቢ፣ በሩ ጋ የምቀመጠው።»

ዲስኮ አላወቃትም። «እንዴት እረሳሻለሁ ልጄ» አለ።

ወረቀቱን አገላብጣ አየችው። «ሁሉም ሙሉ ነው። ርዝመትና ወርዱ ብቻ ነው የጎደለው። ኮምፒዩተሩ ሁለቱን ሳጥን ካልሞላሁለት አያሳልፈኝም። የሌሎቹ ላይ ተጽፏል፤ የእርስዎ እህት ላይ ዙሪያና ስፋት ብቻ ነው ያለው። ሁለቱን ቁጥር ይንገሩኝና ያበቃል።»

እስቲ ሰውየውን አስቡት። ሠላሳ አንድ ዓመት ተማሪዎች «ቲቸር፣ ይሄ ነገር ለምን ይጠቅማል?» ሲሉት ኖረዋል፤ ለአንዳቸውም የረባ መልስ ሰጥቶ አያውቅም። አሁን ሕይወት ራሷ መስኮት ሦስት ላይ ቆማ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችው። ዙሪያና ስፋት ተሰጥቷል፤ ርዝመትና ወርድ ፈልግ። ደረቱ ሞላ። ግቢውን አንድም ቀን በሜትር ለክቶት አያውቅም ነበር፤ ምን ያስለካዋል፣ እኩልታ እያለ!

«ወረቀት አለሽ? ሁለት ደቂቃ» አላት። ሰልፈኛው እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጀመረ። «ዙሪያው አርባ ከሆነ ርዝመትና ወርዱ ሲደመሩ ሃያ ናቸው። ሲባዙ መቶ ሃያ። ስለዚህ ኤክስ ስኩዌር፣ ሲቀነስ ሃያ ኤክስ፣ ሲደመር መቶ ሃያ፣ እኩል ይሆናል ዜሮ። በመጀመሪያ ምን እናያለን?»

«ዲስክሪሚናንት!» አለች ልጅቷ ፊቷ በርቶ። ከሰልፉ አንድ ሁለቱ ሳቁ።

«ጎበዝ! ሃያ በሃያ አራት መቶ። አራት ጊዜ መቶ ሃያ፣ አራት መቶ ሰማንያ። አራት መቶ ሲቀነስ አራት መቶ ሰማንያ…»

እስክሪብቶው ቆመ።

«ከዜሮ በታች ሰማንያ» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። የተማረችውን አልረሳችም።

ዲስኮ እንደገና ደመረ፣ እንደገና አባዛ። ያው ነው። ዙሪያው አርባ የሆነ አራት ማዕዘን ቢበዛ ቢበዛ አሥር በአሥር፣ መቶ ካሬ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አይሄድም። ግንበኛው ከኋላ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። «ጋሼ፣ አሥር በአሥራ ሁለት ይበሏትና እንሂድ። መቶ ሃያ አይደል የሚመጣው?»

«ዙሪያው አርባ አራት ይሆናላ!»

«ይሁና! አራት ሜትር ማንን ገደለ? ማን ገመድ ይዞ አስፋልት ይለካል?»

ልጅቷም በመስተዋቱ ቀዳዳ ወደ እሱ ጎንበስ አለች። «ቲቸር፣ አሥር በአሥራ ሁለት ልሙላው? ዙሪያውን እኮ ኮምፒዩተሩ አይጠይቀኝም።»

«እኔ እንዲህ ነው ያስተማርኩሽ?» አላት። አንገቷን ደፋች።

ጻድቅ ስለሆነ እንዳይመስላችሁ። ሰልፉ እያየው ስለነበር ነው። ከዚያም በላይ የፈተናው ደንብ ልቡን ሞልቶታል፤ ጥያቄው ከተሳሳተ ጥፋቱ የጠያቂው ነው። ለኪው ተሳስቷል፤ መሥሪያ ቤቱ ስህተቱን ሲረዳ መዝገብ ገልብጦ ያርማል፤ እህቱ ነጥቧን ታገኛለች። ልክ እንደ ክፍል ፈተና። ስለዚህ በዚያ በሚያምር የሰሌዳ ጽሑፉ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «በወረቀቱ ላይ በተገለጸው ዙሪያና ስፋት የተሠራው እኩልታ ዲስክሪሚናንቱ ከዜሮ በታች ስለሆነ እውን ሥር የለውም። እርማት እንዲደረግ በትሕትና አመለክታለሁ።» ከሥሩ ፈረመና «የሒሳብ መምህር፣ 31 ዓመት» ብሎ ጨመረበት።

«እርግጠኛ ነዎት ቲቸር?» አለች ልጅቷ ወረቀቱን ሳትቀበለው።

«ሒሳብ ነው ልጄ። እርግጠኛ መሆን አያስፈልገውም።»

ግንበኛው ተራው ደርሶ ወደ መስኮቱ ሲጠጋ «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» አለ፤ ለራሱ ያለ መስሎ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማ። ዲስኮ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኖ ወጣ። ቤት ሲገባ እህቱን «ወረቀትሽ ላይ ስህተት አገኘሁባቸው፤ ሊያርሙት ነው» አላት። ደስ አላት። ለበያጁ ሚስት «ልጁ ስህተት አገኘባቸው» ብላ ነገረቻት፤ ለጎረቤታቸው ልብስ ሰፊም ነገረችው።

ደብዳቤው በአምስተኛው ሳምንት መጣ። አጭር ነው። «…በይዞታ ወረቀቱ የተገለጸው ቦታ እውን አለመሆኑን የባለይዞታዋ ወኪል የሆኑት የሒሳብ ባለሙያ በገዛ እጅ ጽሑፋቸው ያረጋገጡ ስለሆነ፣ እውን ላልሆነ ይዞታ ምትክ የሚሰጥበት አሠራር አለመኖሩን እናስታውቃለን።»

ቆሞ ሦስት ጊዜ አነበበው። የወደቀችው አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ «ሥር»። እውን ሥር የለውም ብሎ ነበር የጻፈው። እነሱ ሥሩን ትተው እውኑን ያዙ። የሒሳቡ «እውን ያልሆነ» እዚያ ቤት ሲገባ በሐሰት የተሠራ ማለት ሆነ። በበያጁ ደጃፍ የተከመረ ብረት ላይ ቁጭ አለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ይባስ ብሎ ከብብት የወደቀው የሱ አልነበረም።

እህቱ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ልብስ እያጠፈች ነበር። «ምን አሉ?» አለችው ገና ከበሩ።

«ቦታው የለም አሉ።»

«አለቀ ማለት ነው? ሌላ ሰፈር ይስጡና።»

«አይ እትዬ። የኛ ቦታ። ድሮም አልነበረም ነው የሚሉት።»

ሳቀች። የቀለደባት መስሏት ከልቧ ሳቀች፤ ፊቱን ስታይ ሳቋ ቀረ። «ታዲያ እኔ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት የት ነበርኩ?»

ምን ይበላት! እንደ ተማሪ ሊያስረዳት ሞከረ። የልብስ ማስጫ ሲባጎ አንስቶ አልጋው ላይ በአራት ጣቱ ወጠረው። «አየሽ እትዬ፣ ዙሪያው አርባ የሆነ አራት ማዕዘን ከመቶ ካሬ በላይ አይዝም። ለኪው መቶ ሃያ ብሎ ሲጽፍ ተሳስቷል። እኔ ያንን ብነግራቸው…»

«ቆይ» አለችው። «አራት ማዕዘን ነው ማን አለህ?»

«ግቢያችን ነዋ!»

«እሱ ቆርቆሮው ከመጣ በኋላ ነው። አንተ ትምህርት ቤት ሳለህ አጥሩ እንጨት ነበር፤ ክብ። የኔ ቦታ የመጨረሻው ነው፣ ክቡ ጉብታ ላይ። ለኪው መሃል ላይ ችካል ተከለ፣ ገመድ አሰረና ዙሪያውን ዞረ። እኔ ከኋላ ከኋላው ኖራ እየበተንኩ። በኋላ ጎረቤት ሲመጣ፣ ቆርቆሮ ሲገባ፣ ቆርቆሮ መቼ ይታጠፋል? ዳር ዳሩን ለነሱ እየተውኩ ቀጥ አደረግነው።»

ዲስኮ ሲባጎውን እንደያዘ ቀረ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅከኝ?» አለች። ወቀሳ አልነበረበትም፤ ዝም ብላ ያለውን ነው የተናገረችው።

ጭንቅላቱ ሳይታዘዝ አሰላው። ገመዱ ስድስት ሜትር ከሃያ ቢሆን የክቡ ስፋት መቶ ሃያ ካሬ፣ ዙሪያው ሠላሳ ዘጠኝ፤ ወጣ ገባ በሚለው የእንጨት አጥር ሲለካ አርባ። ልክ ነው። ለኪው አልተሳሳተም። ወረቀቱ አልተሳሳተም። የሱም አሠራር ቢሆን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አንድ ግድፈት የለበትም፤ ችግሩ የሠራው የሌላ ቦታ እኩልታ መሆኑ ነው። መልስ መኖሩን ሲጠይቅ ኖረ፤ ጥያቄው ይሄ ነው ወይ ብሎ አልጠየቀም። ሠላሳ አንድ ዓመት ገመዱን ለአራት ልጅ ሲያስይዝ፣ አንድ ቀን ስምንት ልጅ አስይዞ ቢሆን፣ ሃያ ስድስቱ ካሬ ከነትርፉ ይገባ ነበር።

ያሳረረው ግን ሒሳቡ አልነበረም። ፊደል ስለማታውቅ የምትነግረው ነገር ይኖራታል ብሎ አለማሰቡ ነው። ዕድሜ ልኩን የወደዳትና ያከበራት ይመስለው ነበር። ለካ ንቋታል። ይህን ለራሱ ሲያምን ቀና ብሎ ሊያያት አቃተው። «ነገ ሄጄ አስተካክለዋለሁ» አለና ወደ ግድግዳው ዞረ።

በማግስቱ በሩ ሳይከፈት ደረሰ። ጸሐፊዋ ስታየው ፊቷ ተለወጠ፤ ምንም ሳትል ወደ ኃላፊው ክፍል መራችው። ኃላፊው ወጣት ነው፤ ትሑት፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠው። ዲስኮ ክቡን ሣለ፣ ችካሉን ሣለ፣ ቁጥሮቹን በተራ ጻፈ። ሰውየው እስከ መጨረሻው አዳመጠው። ማዳመጡ ራሱ ተስፋ ሰጠው።

«ገብቶኛል» አለ ኃላፊው። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ባለፈው ቦታው የለም ብለው በሒሳብ አረጋገጡልን። ዛሬ ደግሞ አለ ብለው በሒሳብ አረጋገጡልን። የትኛውን ልያዝ?»

«የዛሬውን! ያኛው ስህተት ነው።»

«ያኔም እርግጠኛ ነበሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ብለው ፈርመዋል።»

«መዝገብ አይታይም? ለኪው አይጠየቅም?»

«ለኪው በሕይወት የሉም። መዝገቡ ያለው ያው ሁለት ቁጥር ነው፤ ቅርጽ አይልም። ሲለካ ያየ ምስክር አለዎት?»

«እህቴ!»

«ባለጉዳይ ለራሷ ምስክር አትሆንም፣ ጋሼ። ጎረቤት?»

ጎረቤቶቹ የመጡት ከቆርቆሮው ጋር ነው። ሁሉም የሚያውቁት አራት ማዕዘኑን ነው፤ ከክቡም ዳር ዳሩን የወሰዱት እነሱ ናቸው። ኃላፊው እውነት ያዘነ ይመስላል። «ብቀበልዎትም ዋጋ የለውም» አለ። «ዝርዝሩ ባለፈው ሳምንት ተዘግቷል፤ ቦታዎቹም በዕጣ ተከፋፍለዋል። ያኔ ዝም ብለው ሁለት ቁጥር ቢነግሯት ኖሮ ዛሬ ቦታው በእጅዎ ነበር። እኔ ይህን ማለት አልነበረብኝም፤ ግን እንደዚያ ነው።»

ጸሐፊዋ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ዓይኗ ቀልቷል። «ቲቸር፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ። ሳልጠይቅዎት ልሞላው ይገባ ነበር።»

«አንቺ ምን አጠፋሽ» አላት። «ያስተማርኩሽን በትክክል ነው የመለስሽው።» ይህን ብሎ ሳይሰናበታት ደረጃውን ወረደ።

በእግሩ ነው የሄደው። አሮጌው ሰፈር በነበረበት በኩል አለፈ፤ መኪናው ይጋልባል፣ ጉብታው ተደልድሏል፣ ችካሉ የነበረበትን ቦታ ቢፈልግም ቀኝ ይሁን ግራው መስመር ላይ መለየት አልቻለም። አንዱ ሾፌር ጥሩንባ ነፍቶ ሰደበው። መሃል መንገድ ላይ ቆሞ ነበር።

ቤት ሲደርስ እኩለ ቀን ሆኗል። በሩን ሲከፍት በመሃል የተዘረጋው አንሶላ ወርዷል። እህቱ ልብሱን፣ ድስቱን፣ የሱን መጻሕፍት ሳይቀር በሁለት ትልልቅ ጥቅል አስራ አልጋው ላይ አስቀምጣለች። ትናንት «አስተካክለዋለሁ» ብሎ የለ! ልጁ አስተካክለዋለሁ ካለ ተስተካክሏል። ከጥቅሉ ጎን ቀሚሷን ለውጣ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች።

በሩ ላይ እንደቆመ ነገራት። ተቀምጦ ለመንገር አቅም አጣ። «እትዬ፣ አልሆነም። ከእንግዲህም አይሆንም። ስህተቱ የኔ ነው፤ የማንም አይደለም። ቦታሽ ነበር። ክብ ነበር። አንቺ ነሽ ልክ፤ ሳልጠይቅሽ ሠርቼ ያጠፋሁብሽ እኔ ነኝ።»

በያጁ ብረቱን ቆርጦ ጨረሰ፤ ሌላ ጀመረ። ታለቅሳለች ብሎ ጠበቀ፤ ብትሰድበው፣ ብትመታው ተመኘ። እሷ ግን ትንሽ ልጅ ሲወድቅ እንደሚታየው ነው ያየችው።

«አይ» አለች። «አንተ አትሳሳትም።»

«ተሳስቻለሁ!»

«እኔ ነኝ ያረጀሁት። ክብ መስሎኝ ነው እንጂ አራት ማዕዘን ይሆናል። ችካሉም የሌላ ሰው ግቢ ላይ ያየሁት ይሆናል። ሰባ አራት ዓመት ቀልድ ነው?»

«እትዬ፣ በፈጠረሽ! ቁጥሩ እኮ ልክ መጣ፤ አሰላሁት፤ የነገርሽኝ በሙሉ…»

«ተው ልጁ» አለችው፤ ድምጿ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣ። «ያን ሁሉ ዓመት አንሶላ ያጠብኩት ዛሬ መጥተህ ተሳሳትኩ እንድትለኝ ነው?»

ወደ መጀመሪያው ጥቅል ተጠግታ ጎንበስ አለች።

«አንተ የለም ካልክ የለም» አለችና ቋጠሮውን መፍታት ጀመረች።